ክሎሮፎርም፣ ረቡዕ

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮረኮንች መንገድ ላይ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ጋን ሲያጥቡ አየሁ። ጋኑን አዘንብለው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው፣ በግራዋ ቅጠል ይፈትጋሉ። አረንጓዴው አረፋ በድንጋዮቹ መሐል እየተሹለከለከ ወርዶ ጫማዬ ሥር ደረሰ። ከአረፋው በፊት ግን ሽታው ደርሶኝ ነበር። ያ ሲሸት አፍ ላይ የሚመር ሽታ። ባለሁበት ቆምኩ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ጠላው ገና ነው እኮ፤ ጋኑ ነው የሚታጠበው» አሉኝ። አፍሬ ሳቅሁና መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ደብተር ላርም ተቀመጥኩ፤ አንድም ደብተር ሳላርም መሸ።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ነገር በቅደም ተከተል ካልተነገረ ያሳክከኛል። ተማሪዎቼ ያልሰማሁ መስሏቸው «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» እያሉ ድምፄን ያስመስላሉ። ስለዚህ ይህንንም ከመጀመሪያው ልጀምረው።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስንት ዓመት እንደሆነው መቁጠር እችላለሁ፤ ግን አልቆጥርም። ከኮልፌ እስከ አውቶቡስ ተራ በሰማያዊና ነጩ ታክሲ ብር ከሰላሳ አምስት ነበር፤ ብር ከሃምሳ ከሰጠህ ረዳቱ «ዝርዝር የለም፣ ነገ እንተሳሰባለን» ይልሃል፤ ነገ ሌላ ረዳት ነው። ፎቶ ኮፒ በገጽ በሳንቲም ነበር። ከግቢው በር ፊት ለፊት ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ዘይቱ የጋዜጣውን ጽሑፍ ፓስቲው ላይ ያትመዋል፤ ዜናውን አብረን እንበላው ነበር። ሴቶቹ ረጅም ሸሚዝ ለብሰን በላዩ ሰፊ ቀበቶ እንታጠቅ ነበር፤ አሁን ፎቶዬን ሳየው ጭነት የታሰረባት በቅሎ እመስላለሁ። በየሲዲ ቤቱ አንድ ዘፈን ብቻ ይሰማ ነበር። አጠና ተራ ስገባ የመጀመሪያው ቤት መግቢያውን ያሰማኛል፣ ሁለተኛው አዝማቹን፣ ማዞሪያው ጋ ስደርስ ያልቃል። ዛሬ ሲዲ ቤቶቹ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆነዋል፤ በዚያ መንገድ ስሄድ ግን እግሬ አሁንም በዚያ ዘፈን ምት ይራመዳል።

የምኖረው አክስቴ ዘንድ፣ እዚሁ ኮልፌ ነበር። እትዬ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከጎጃም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያመጣችኝ እሷ ናት። አዲስ አበባ ቤት ላለው ተማሪ ግቢ ውስጥ ማደሪያ አይሰጥም። ለሰሚው ጥቅም ይመስላል። ነገር ግን ጓደኝነት የሚሠራው ከእራት በኋላ፣ ማደሪያ ውስጥ፣ አንዱ አልጋ ላይ አራት ሰው ተቀምጦ የአንድ ሰው ደብተር ሲያይ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ታክሲ ወረፋ ላይ ነኝ። ጠዋት ስመጣ እነሱ ማታ በተባለ ቀልድ ይስቃሉ። «ምንድን ነው?» እላለሁ። «አይ፣ ብትኖሪ ነበር» ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ብትኖሪ ነበር» ሲባል የኖረ ሰው፣ በመጨረሻው ዓመት እንዳልነበረ ያህል ይሆናል።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው አድቫንስድ ኦርጋኒክ የሚባለው ከባድ ኮርስ ነው። ሁለተኛው የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲሆን ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚሠራው። ክፍላችን ጎዶሎ ቁጥር ነበር። መምህራችን ጥንዶቹን መዝግበው ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «የቀረ አለ?» አሉ። እጄን አወጣሁ። ወረቀታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ብቻሽን ትችያለሽ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት በኮርሱ ውስጥ ጥንድ ስላጣ ኤሌክትሮን ተማርን። እንዲህ ዓይነቱ ኤሌክትሮን ያለበት ሞለኪውል ዕረፍት የለውም፤ ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። አሁን ሳስተምረው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም፤ ደብተሬ ላይ የኤሌክትሮኗን ነጥብ ከሌሎቹ ነጥቦች አግዝፌ አደመቅኋት።

የመረጥኩት ርዕስ ግራዋ ነበር። ከቅጠሉ ውስጥ መራራውን ነገር ለይቶ ማውጣት። ግራዋ ለመግዛት አልተቸገርኩም፤ የእትዬ አስካለ አጥር ራሱ ግራዋ ነው። እሷ ለሰርግና ለማኅበር ጠላ ትጠምቅ ስለነበር ጋን የምታጥበው በሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ቅርጫት ይዤ ወጥቼ ቅርንጫፎቹን ባዶ አስቀረኋቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየችው።

«አንቺ ልጅ! ዛፌን ላጨሽው እኮ!»

«ለትምህርት ነው እትዬ።»

«ትምህርት ቅጠል ይበላል እንዴ? እኔ የማውቀው ፍየል ነው።»

«መራራውን ላወጣበት ነው።»

ነጠላዋን እያጣፋች ትንሽ አሰበች። «እስከ ዩኒቨርሲቲ የሄድሽው መራራ ፍለጋ ነው? እሱማ እዚሁ ቤት ሞልቶ የለ!»

አሁን ለማያውቅ ሰው ዘዴውን ላስረዳ፤ ያለሱ ጥፋቴ አይገባም። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ ከዚያ በአልኮል መሰል ፈሳሽ ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል። የሚወጣው ጭማቂ ውስጥ ሁሉም ነገር ተደባልቋል። ለመለየት ሴፓራተሪ ፈነል የሚባል ዕቃ አለ፤ በአፍጢሙ የተደፋ ዕንቁላል የሚመስል፣ ከታቹ ትንሽ ቧንቧ ያለው ብርጭቆ። ጭማቂውና ውሃው ይገባሉ፤ ከውሃ ጋር የማይዋሃድ ሌላ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ይናጣል፤ ይቀመጣል። እንደ ዘይትና ውሃ ሁለት ሽፋን ይሠራል። ቀላሉ ከላይ፣ ከባዱ ከታች። የታችኛው በቧንቧ ይወርዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሠራናቸው ሙከራዎች የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች ከውሃ የቀለሉ ነበሩ፤ የምንፈልገው ሁልጊዜ ከላይ ነው፣ ውሃው ከታች። እጃችን ይህንን ለመደ። እኔ የምጠቀምበት ክሎሮፎርም ግን ከውሃ ይከብዳል። የግራዋው መራራ የሚገባው በክሎሮፎርሙ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ከታች ነው። ይህንን በፈተና ብጠየቅ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሰዋለሁ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ስለሆኑ ሥራቸውን ጨርሰው ቤተ መጻሕፍት ገብተው ይጽፋሉ፤ እኔ የሁለት ሰው ሥራ ይዤ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ረጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ርግቦች የሚቆሙበት መስኮት። ከኔ ሌላ የነበሩት የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ጋሽ በላቸው ብቻ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ሰማያዊ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቅል የቁስል ፕላስተር የማይጠፋ ሰው። ፕላስተሩ ለቁስል አይደለም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቁራጭ ይለጥፉና በውስጡ ያለውንና የገባበትን ቀን ይጽፉበታል፤ «አሲድ፣ ማክሰኞ»፣ «አልኮል፣ ዓርብ»። ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ «ግራዋ» ነበር የሚሉኝ። ማታ ማታ እስከ አውቶቡስ ተራ በአንድ ታክሲ እንሄድ ነበር፤ እሳቸው ወደ አስኮ፣ እኔ ወደ ኮልፌ እስክንለያይ። አብዛኛውን ጊዜ አንነጋገርም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ከሰው ጎን የምቀመጥበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር፤ ታክሲው በመኪና ብዛት ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ነው ያጠፋሁት። በዕቃ ቤቱ የቀረችውን የመጨረሻዋን ክሎሮፎርም ተቀብዬ ሠራሁ። ናጥኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ። የታችኛውን አወረድኩና፣ እየዘፈንኩ ጭምር፣ የክሎሮፎርም ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ጠርሙስ ውስጥ ደፋሁት። የላይኛውን በክብር አስቀመጥኩ። ሐሙስ ፈሳሹ ተንኖ መራራው እንዲቀርልኝ ለብ ባለ የውሃ ማሞቂያ ላይ ጣድኩት። ሙሉ ቀን ተጥዶ ዋለ፤ አልጎደለም። ዓርብ ጠዋት መልሼ ጣድኩት። ጽሑፉን ለማስረከብ ዐሥር ቀን ቀርቶኛል፤ ካላስረከብኩ ከሌላው ዓመት ልጆች ጋር እንደገና መመዝገብ ነው። አባቴ ለምረቃዬ ከጎጃም ሊመጣ ጫማ መግዛቱን እትዬ አስካለ ነግራኛለች።

ጋሽ በላቸው መጥረጊያቸውን ተደግፈው ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩ።

«ግራዋ፣ ከትናንት ጀምሮ የምትቀቅዪው ምንድን ነው? ሽንብራ ነው?»

«ክሎሮፎርም ነው ጋሼ። አልተን አለኝ።»

«ክሎሮፎርም ቢሆንማ ትናንት ከምሳ በፊት ጥሎሽ ይሄድ ነበር።» መጡና ጠብታ ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝ። «ጠብ አድርጊበት።»

ጠብ አደረግሁ። ጠብታዋ ለብቻዋ አልቆመችም፤ ገብታ ጠፋች። ውሃ ከውሃ ጋር እንደሚቀላቀል ሕፃን ያውቃል። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ስቀቅል ነበር።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ታችኛውን… ጣልኩት። ክሎሮፎርሙም አልቋል።»

«የት ጣልሽው?»

«ጠርሙሱ ውስጥ።» ጠርሙሱ የሚቀመጥበትን ጥግ አየሁ፤ ቦታው ባዶ ነው። ዓርብ ዓርብ ጠርሙሶቹ እንደሚነሡ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እንባዬ መጣ።

«ቆይ፣ አታልቅሺ፣ አድምጪኝ። ሌላ ማን ደፋበት?»

«ማን ይደፋበታል ጋሼ? እኔ ብቻ አይደለሁ እንዴ የምሠራው!» አልኳቸው፤ ቁጣዬ በሳቸው ላይ አልነበረም።

እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «እሰይ! ተመስገን ብቻሽን መሆንሽ!»

ያን ቃል ከዚያ በፊት ማንም አላለኝም፤ ከዚያም በኋላ የለም። ወደ ጓዳቸው ገብተው ጠርሙሱን አቅፈው ተመለሱ። ፕላስተሩ ላይ «ክሎሮፎርም፣ ረቡዕ» ይላል። «ዓርብ አነሣለሁ እንጂ ዓርብ አልደፋም» አሉ። «ከሰኞ በፊት አልደፋም። ተማሪ ጥፋቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።» ጠርሙሱ ውስጥ ከኔ በቀር የማንም ነገር አልነበረበትም። ሰው ቢኖርበት ኖሮ፣ ጓደኛ ቢኖረኝ ኖሮ፣ የሁሉም ተደባልቆ አልቆለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ክሎሮፎርሙ ሲተን ብርጭቆው ሥር ቢጫ ሙጫ የመሰለ ነገር ቀረ። በጥፍር የሚፋቅ ያህል። የአጥሩ ግራዋ ሁሉ እሱ ነው።

ጽሑፉን በጊዜው አስረከብኩ። አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ደረስኩ። ዘዴውን ስጽፍ «የታችኛው ሽፋን» ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለ፤ ያን ቃል ያነበበ ሁሉ ጥፋቴን የሚያውቅ መሰለኝ። «ተፈላጊው ሽፋን ተወስዶ ደረቀ» ብዬ አለፍኩ። የምስጋናው ገጽ ላይ መምህራችንን አመሰገንኩ፣ ትምህርት ክፍሉን አመሰገንኩ፣ እትዬ አስካለን ከነግራዋዋ አመሰገንኩ። ጋሽ በላቸውን ዘለልኳቸው። ስማቸውን ብጽፍ «ምን አደረጉልሽ?» የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ ፈራሁ። አንዱን ቅጂ ለላቦራቶሪው መደርደሪያ ስሰጣቸው ቆመው ገለጡት። ገጽ በገጽ፣ ቀስ ብለው። ዘጉትና «በጥሩ አሳሰርሽው» አሉኝ። ያን ማታ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከምረቃ በኋላ ወደ ላቦራቶሪው አልተመለስኩም። አባቴ በአዲሱ ጫማው ተረከዙ ቆስሎ ነበር፤ ሲያነክስ ዋለ እንጂ አላወለቀውም። ፎቶው ላይ እኔም እሱም የምንስቅ እንመስላለን።

አሁን በኮልፌ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ሴፓራተሪ ፈነል የለንም፤ በውሃ ፕላስቲክ ዘይትና ውሃ እንንጣለን፤ ክዳኑን በስተን ዘቅዝቀን እናወርዳለን። ልጆቹ ይወዱታል። በየዓመቱ «ምንም ነገር ከመጣላችሁ በፊት ጠብታ ውሃ ጨምሩ» እላቸዋለሁ፤ ይህንን ማን እንዳስተማረኝ ግን ተናግሬ አላውቅም። እትዬ አስካለ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ሬዲዮው ብቻ ነው። ግራዋው አድጎ ከጣሪያው በላይ ሆኗል፤ ጋን የሚያጥብበት የለም።

ከዚያች ከጋኗ ማታ በኋላ እንቅልፌ ጥሩ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ተነሣሁና አስኮ ሄድኩ። ቤታቸውን አላውቅም፤ የሚወርዱበትን ፌርማታ ግን ነግረውኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው «ጋሽ በላቸው የሚባሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ» አልኩት። «ባለፕላስተሩ?» አለኝና በአገጩ አመለከተኝ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ጢማቸው ነጭ ሆኗል፤ ካፖርታቸው ሰማያዊ ነው። ከኋላቸው መደርደሪያ ላይ ዘይት፣ ማር፣ ጋዝ፣ ሁሉም ፕላስተር ተለጥፎበት ይታያል።

«እንደምን አደሩ ጋሽ በላቸው። አወቁኝ?»

ዓይናቸውን አጠበቡ። «ስንቱን ልጅ ልወቅ ልጄ። ግቢ ከሆነ የየትኛው ዓመት ነሽ?»

«ግራዋ።»

«አሃ!» አሉ፤ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ክሎሮፎርም፣ ረቡዕ!» ጠርሙሱን አስታወሱት፤ እኔን ግን አሁንም ሲፈልጉኝ በዓይናቸው ውስጥ አየሁ፤ አላገኙኝም። አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ዓመታት ያሰብኩትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ ስምዎን ሳልጽፍ ቀረሁ፣ አፈርኩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

«ምስጋናውን?» አሉና እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ እሱን ገጽ አላነብም፤ እዚያማ ሁሉም ሰው ደግ ነው። እኔ ያነበብኩት ዘዴውን ነው።»

«ዘዴውን?» አልኩ።

«‹ተፈላጊው ሽፋን› ብለሽ ጻፍሽ። የትኛው ነው ተፈላጊው? በዓመቱ ሁለት ልጆች ያንቺን ጽሑፍ ይዘው መጡ፤ ግራዋውን ሊቀጥሉበት። እንዳንቺው ታችኛውን ደፉት። ያኔ ላቦራቶሪው ሰው በሰው ነበር፤ የስንቱ ክሎሮፎርም አንድ ላይ ገብቷል። ሰኞን ብጠብቅስ ምን ሊረባቸው? የኔ ጠርሙስ ምን ያድርግላቸው?»

«ምን ሆኑ?»

«ከታች ዓመት ልጆች ጋር ደገሙ። አንደኛዋ አልጨረሰችም መሰለኝ።»

ከመንገዱ የታክሲ ረዳት ጩኸት ይሰማል። ያቺን አንደኛዋን አላውቃትም። ስሟን ጠየቅኋቸው፤ አላስታወሱትም። ዓመታት ሙሉ የተሸከምኩት ጥፋት የተሳሳተው ነበር። አንድ ስም መዝለሌን ሳስብ ኖርኩ፤ የዘለልኩት አንድ ቃል ግን አንዲት ልጅ ላይ ወደቀ።

«ከዚያማ» አሉ ቀለል ባለ ድምፅ፣ «እርሳስ አመጣሁና ጽሑፍሽ ላይ ጻፍኩበት። ‹ታችኛው ነው። ሁለቱንም እስከ ሰኞ አስቀምጡ።› አሁንም እዚያው መደርደሪያ ላይ ይኖራል፤ ካልጣሉት።»

ስማቸውን ያላስገባሁበት ጽሑፍ ውስጥ፣ በሚያስፈልገው ገጽ ላይ፣ የእጅ ጽሑፋቸው አለ። ሰኞ ክፍል ስገባ ምን እንደምናገር በዚያች ሰዓት አወቅሁ፤ ከጠብታዋ ውሃ በፊት ስለ ደፋሁት ታችኛው ሽፋንና ስለ ጋሽ በላቸው ጠርሙስ እነግራቸዋለሁ፣ ስለዚያች ልጅም፣ በቅደም ተከተል።

ልሰናበታቸው ስነሣ እስከ በሩ ሸኙኝ። ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ልጄ! ስምሽን ግን ጠይቄሽ አላውቅም እኮ። ማን ነበር?»

«ይታይሽ።»

በሩን ተደግፈው፣ ፕላስተር ላይ እንደሚጽፉ ሁሉ፣ ቀስ ብለው ደገሙት።

«ይታይሽ፣ ቅዳሜ።»